ማሽኑ የት ይቁም?

አሜሪካኖች ቤታቸውን ጎማ ላይ ጭነው የሚዞሩበት መኪና አላቸው፤ «አርቪ» ይሉታል። አልጋ፣ ኩሽና፣ ሻወርና ሽንት ቤት አለው። ጡረታ ወጥተው ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ስፋቱን የመንገድ ሕግ ይገድበዋል፤ ከ2 ሜትር ከ60 ሴንቲ አያልፍም። 12 ሜትር የሚረዝመው እንኳ በውጭ ልኩ ሲሰላ 32 ካሬ ሜትር አይሞላም፤ ያውም የሹፌሩ ቦታ ሳይቀነስ።

በዚያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን ይገባል።

ሲገባ ያለ ችግር አይደለም። 60 ሴንቲ ስፋት ላለው ቦታ ወይ በአንድ ከበሮ የሚያጥብና የሚያደርቅ ማሽን ይመረጣል፣ ወይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ማሽኖች ይደራረባሉ። አንዱ ማሽን ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የቁም ሳጥኑ ወለል መጠናከር አለበት። መኪናው ሲንገጫገጭ እንዳይወጣ ይታሰራል። አነስተኛው የኤሌክትሪክ መስመራቸው 30 አምፒር በ120 ቮልት ነው፤ በጠቅላላው 3,600 ዋት ማለት ነው። አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ ማድረቂያው ሲነሳ ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። የቆሸሸው ውሃ የሚጠራቀምበት ታንከር ቶሎ ስለሚሞላ ከከተማ ፍሳሽ ጋር ባልተገናኘ ቦታ ማጠብ ያስቸግራል። በአንድ ከበሮ አጥቦ እስኪያደርቅ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ባለቤቶቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ያማርራሉም፤ ማሽኑን ግን አያወጡትም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለአዲስ አበባ የሚጠቅመው ስለ ማሽኑ የሚናገረው ክፍል አይደለም። አርቪ የሚሠሩት ድርጅቶች በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ማሽን አይሸጡም፤ ቦታውን አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መውጫ፣ ሶኬትና የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ይተዋሉ። ገዢው ፈለገ ማሽን ያስገባል፣ ካልፈለገ ኮቱን ይሰቅልበታል። ስዕሉን የሠራው ሰው ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋል፦ እዚህ የሚኖረው ሰው ልብሱን የት ያጥባል?

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ስዕል ላይ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። መልሱ ግን ከቤቱ ውጭ ነበር የተቀመጠው።

የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ስቱዲዮው 20 ካሬ፣ ባለ አንድ መኝታው 30 ካሬ ገደማ ሆኖ ታቀደ። ለእያንዳንዱ ቤት ኩሽና፣ ሻወርና ሽንት ቤት ተሰጠው። በቆርቆሮና በጭቃ ቤት፣ ሽንት ቤት ለስድስት አባወራ እየተጋራ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ዛሬም ትንሽ አይደለም። እንጀራ መጋገር፣ በግ ማረድና ልብስ ማጠብ ግን ፎቅ ላይ አይሆኑም ተብሎ ለብሎኮቹ በጋራ ሌላ ህንጻ ተሠራ። ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው እሱ ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ስዊድን ውስጥ አፓርትመንት የሚኖር ሰው ከምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ ይዞ ያጥባል፤ አሠራሩ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። እዚያ ግን ክፍሉ ውስጥ ማሽን አለ፣ የተራ መያዣ ሰሌዳ አለ፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ሲበላሽ የሚያሠራው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ኮሚናሉ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ ነበር። በብዙ ሳይቶች ዛሬ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የሕፃናት ማቆያ ሆኗል። ለሠርግና ለለቅሶ የሚያገለግልበትም አለ። በአራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ሳፋና ባልዲ ተሸክማ፣ ሊፍት በሌለው ደረጃ ወርዳ፣ አጥባ፣ እርጥብ ልብስ ተሸክማ ትወጣለች ብሎ ማቀድ መጀመሪያውኑ ሰውን አለማየት ነበር።

ስለዚህ እጥበቱ ወደ ቤት ገባ። የገባው ለእሱ ባልተሠራ ቤት ነው። ማሽን የሌለው ሻወር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ያጥባል። ማሽን የገዛው ደግሞ ቦታ ፍለጋ ይጀምራል።

አሁን ወደ ማንኛውም ኮንዶሚኒየም ቢገባ ማሽኑ የሚገኝበት ቦታ አራት ነው፦ በረንዳ፣ ኮሪደር፣ ሻወር ቤት፣ ወይም አልጋ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ። በረንዳ ላይ ያለው ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅበታል። ሻወር ቤት የገባው ውሃ በሚረጭበት ቦታ በኤክስቴንሽን ይሠራል፤ ይህ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው፣ ሆኖም ተለምዷል። ኮሪደር ላይ ያለው የውሃ ጎማው ከሲንኩ እስከ ማሽኑ ተዘርግቶ ልጅ ይሰናከልበታል። የፍሳሽ ጎማው ደግሞ ወለሉ ላይ ወዳለው ቀዳዳ ይጣላል። አምራቾቹ ይህ ጎማ ከወለል ከ60 ሴንቲ እስከ 1 ሜትር ከፍ ብሎ መያዝ እንዳለበት ይጽፋሉ። መሬት ላይ ከተጣለ ማሽኑ ውሃ እየሞላ በዚያው ይፈስበታል፤ ሞልቶ የማያውቅ ማሽን ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ጠጋኝ ይጠራል።

ሌላም አለ። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ከኋላው ከበሮውን ለጉዞ የሚያስሩ ቡሎኖች አሉት። ሳይፈቱ የተነሳ ማሽን ሲጨምቅ ቤቱን ያናውጣል፣ እየተራመደ ከቦታው ይወጣል፣ የታችኛው ጎረቤት ደግሞ በእንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። በማሽን ምክንያት ኩርፊያ የገቡ ጎረቤቶች ግማሾቹ የተጣሉት በአራት ቡሎን ይሆናል።

የውሃው ጉዳይ ግን በቡሎን አይፈታም። አውቶማቲክ ማሽን ውሃ የሚያስገባው በግፊት ነው። ብዙዎቹ ቢያንስ ግማሽ ባር ይጠይቃሉ፤ ይህም ውሃው ከማሽኑ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ እንደሚሰጠው ግፊት ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው በረንዳው ላይ ሮቶ አስቀምጦ ከዚያ ወደ ማሽኑ ቢቀጥል፣ የሮቶው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ማሽኑ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ የስህተት ምልክት ያወጣል። ጣሪያ ላይ ሮቶ የሰቀሉ ብሎኮች ውስጥ ታችኛው ፎቅ ግፊት ያገኛል፣ የላይኛው አያገኝም። ባለ ሁለት ገንዳው ሴሚ አውቶማቲክ ማሽን መርካቶ ላይ ገበያው የደራው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ በባልዲ ይሞላል። ሕዝቡ ከመሐንዲሱ ቀድሞ መልሱን አግኝቷል።

«መብራቱስ መቼ ይችላል?» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር አያስኬድም። ማሽን ብዙ መብራት የሚበላው ውሃ ሲያሞቅ ነው፤ ያን ጊዜ 2 ሺህ ዋት ገደማ፣ በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ይወስዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥብ ከዚያ በጣም ያንሳል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ እሱም በዚያው ቤት፣ በዚያው ቆጣሪ፣ በየሳምንቱ ይሠራል። ምጣድን የተሸከመ መስመር ማሽን አይከብደውም። ችግሩ መስመሩ ትክክለኛው ግድግዳ ላይ አለመድረሱ ነው።

ውሃ ያባክናል የሚባለውም እንዲሁ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ልብስ በ50 ሊትር ገደማ፣ በሁለት ተኩል ጀሪካን ያጥባል። ያንኑ ልብስ በሳፋ አጥቦ፣ ሁለቴ ሦስቴ አለቅልቆ በሁለት ተኩል ጀሪካን የጨረሰ ሰው ካለ ይቁጠረው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። በየቤቱ እየዞሩ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። በእነሱ የቀን ገቢ ልጅ ይማራል፣ ኪራይ ይከፈላል። ማሽን ሲበዛ ገበያቸው ይቀንሳል። ይህን ቀላል አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። ነገር ግን ይህን ክርክር ጮክ ብሎ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ አጣቢዋ አይደለችም፤ አሠሪዋ ነው። ሥራው ምን እንደሆነም መታየት አለበት። በኅዳር ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ቀን፣ ወገብ ጎብጦ፣ በረኪና የበላው እጅ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጉልበት መጭመቅ። ለዚህ ሥራ የሥራ ሰዓት ወሰን የለውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ቤት የሚሰጥ አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታልና። ሴቷ የምትፈልገው ገቢውን ነው፤ ሳፋውን ወዳው አይደለም። ኮሚናሉ ውስጥ ሦስት ማሽን ቢገባና እነዚያው ሴቶች ተደራጅተው በኪሎ እያስከፈሉ ቢያጥቡበት ገበያው በእጃቸው ይቆያል፣ የጎበጠው ወገብም ይቃናል። ይህን ለማድረግ ህንጻ መሥራት አያስፈልግም። ህንጻው ቆሟል፤ የሚያስፈልገው ውስጡ ያለውን መጋዘን ማስወጣት፣ ውሃ ማስገባትና ሂሳቡን የሚይዝ ሰው መመደብ ነው።

የግል ሪል ስቴቶቹ ነገር ደግሞ ትንሽ ያስቃል። 150 ካሬ አፓርትመንት ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያው ላይ «የሠራተኛ ክፍል» ተብሎ በኩራት ይጻፋል። ክፍሏ ስትታይ አልጋ ከገባባት በር የማይከፈትባት፣ መስኮት የሌላት ናት። ብዙ ገዢዎች ማሽኑን የሚያስገቡት እዚያው፣ የልጅቷ አልጋ እግርጌ ነው። ሠራተኛዋና ማሽኑ አንድ ቁም ሳጥን ተጋርተው ያድራሉ። አርቪ ውስጥ እንኳ ማሽኑ የራሱ በር አለው።

ማድረቂያውን በተመለከተ አዲስ አበባ ከአሜሪካ ትለያለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለች፣ ዘጠኝ ወር ፀሐይ በማይጎድልባት ከተማ ማድረቂያ ማሽን ገዝቶ መብራት ማቃጠል ለአብዛኛው ቤት ከንቱ ወጪ ነው። የሚጨንቀው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የሕፃን ጨርቅ ለሦስት ቀን ሳይደርቅ ሲቀርና ቤቱ ውስጥ ተሰጥቶ ግድግዳው ሲሻግት። ለዚህ መልሱ ጣሪያ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኝ ማስጫ ነው። ፎቅ ፊት ለፊት የተሰጣ ልብስ የከተማን ገጽታ ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ልብሱ የት ይሰጣ ሲባሉ ግን መልስ የላቸውም። የበረንዳው ግንብ ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል ልብሱም አይታይም፣ ክርክሩም አይኖርም።

የ97 እና የ2005 ተመዝጋቢ ቤት ደርሶት በገባባቸው ብሎኮች አሁን የሚቻለው ማረም ብቻ ነው። ማረም ደግሞ ውድ ነው። ሶሌታው ከተሞላ፣ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ፍሳሽ ለማውጣት ግድግዳ ይሰረሰራል፣ የጎረቤት ጣሪያ ያንጠባጥባል፣ ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል። ማሽኑን አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ከጫኝና አውራጅ ጋር የሚደረገው ድርድር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ገና ለሚገነቡት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሻወር ቤቱ ግድግዳ ጀርባ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር ከሚያልፍበት ጎን፣ 65 ሴንቲ በ65 ሴንቲ ቦታ። አንድ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ከነመዝጊያው። ከወለል 70 ሴንቲ ላይ የፍሳሽ መቀበያ። ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ በራሱ ብሬከር የሚሄድ፣ ምድር ሽቦ ያለው ሶኬት። ለላይኛዎቹ ፎቆች በጋራ የግፊት ፓምፕ። ማሽን የማይገዛ ሰው ሳፋውንና ባልዲውን ያስቀምጥበት። ስዕሉ ወረቀት ላይ እያለ ይህ የአንድ ቤት የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። የቤቶች ልማት መሥሪያ ቤትም ሆነ የግል አልሚ ስዕል ሲያስጸድቅ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ደረጃውንና የመኪና ማቆሚያውን እንደሚጠይቅ ሁሉ ይህንንም ይጠይቅ፦ ልብስ የሚታጠበው የት ነው? ስዕሉ ላይ በጣት ያሳዩት።