በጠባብ ኤስኤስዲ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘው የትኛው ነው?

የመመረቂያ ሥራ ማስረከቢያ ሲቃረብ በብዙ ተማሪዎች ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ሊሞላ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ችግሩ ይበልጥ የሚከብደው ልደታ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት እንደሚሰጡት ባሉ የትምህርት መስኮች ነው። 256 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ኤስኤስዲ በዊንዶውስ ላይ 238 ገደማ፣ 128 የተባለውም 119 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ምክንያቱም አምራቹ በ1000 ብዜት ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ብዜት ይቆጥራል። ከዚህ ላይ ዊንዶውስ ራሱ፣ ኦቶካድ፣ ሬቪት፣ ስኬችአፕና ሉሚየን ድርሻቸውን ሲወስዱ ለተማሪው ሥራ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው።

በዚህ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ የታወቀ ነው። ፎልደሮች በመጠን ይደረደራሉ፤ ከላይ የሚገኘውም ይሰረዛል። ከላይ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ የመስክ ሥራ ፎልደር ነው፤ ማለትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች፣ ቪዲዮዎችና የቃለ መጠይቅ ድምፆች የተቀመጡበት። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህ የስረዛ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ መሆኑን ነው። የስረዛ መመዘኛ ሊሆን የሚገባው የፋይሉ መጠን ሳይሆን ፋይሉ ዳግም ሊገኝ መቻል አለመቻሉ ነው።

ለዚህ ክርክር ከልደታ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የልደታ ነባር ሰፈር ፈርሶ በቦታው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ረጃጅም ሕንፃዎች ተተክተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያሉ ሰፈሮችን መልክ ለውጧል። የለውጡ ተገቢነት ሌላ ርዕስ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያሳስበው ማስረጃው ነው። ከመፍረሱ በፊት በሜትር ተለክቶ፣ ተነሥቶና ተነድፎ የተያዘ የጭቃ ቤት፣ የግቢ አቀማመጥ ወይም የነዋሪ ትዝታ ከፈረሳው በኋላ ዳግም ሊሰበሰብ አይችልም። ያንን የያዘው ብቸኛ ቅጂ በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ አሥር ጊጋባይት ቦታ ለማግኘት ሲባል የሚጠፋው የአንድ ሰፈር መዝገብ ነው።

የኤስኤስዲ አሠራር ጉዳቱን ያባብሰዋል። በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ በአብዛኛው የሚነሣው የማውጫው መረጃ ብቻ ስለነበረ፣ ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ በማስመለሻ ሶፍትዌር የማግኘት ዕድል ነበር። ኤስኤስዲ ግን በተጻፈበት ቦታ ላይ በቀጥታ ደግሞ መጻፍ አይችልም፤ መረጃን በትናንሽ ገጾች እየጻፈ፣ የሚያጸዳው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። ስለዚህ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ሲስተሙ የተሰረዘውን ቦታ ትሪም በተባለ ትእዛዝ ለዲስኩ ያሳውቃል፤ ዲስኩም ቦታውን ለቀጣይ ጽሑፍ ያጸዳዋል። ከሪሳይክል ቢን የወጣ ፎቶግራፍ ከዚያ በኋላ የመመለሱ ተስፋ የመነመነ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

ይህ ማለት ግን ቦታ ማስለቀቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ኤስኤስዲ ጢም ብሎ ሲሞላ የቀሩትን ገጾች እያዛወረ ብሎክ ለማጽዳት ስለሚገደድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያለ ዕድሜው የማርጀት አደጋም ይጨምራል። ከአጠቃላይ ይዞታው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ክፍት መተው በተለምዶ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ቦታው ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ማሽኑ ራሱ መልሶ ሊሠራው የሚችለው ነው። በዊንዶውስ የማከማቻ ቅንብር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይሎችን፣ የማሻሻያ ቅሪቶችንና አሮጌውን የዊንዶውስ ቅጂ ማጽዳት ይቻላል። ከእንቅልፍ መልስ ሥራን ለመቀጠል የሚያገለግለው የሃይበርኔሽን ፋይልም ከራም መጠን 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ከ3 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። አገልግሎቱን የማይጠቀም ሰው ሊያጠፋው ይችላል፤ ፈጣን አነሣሡም አብሮ እንደሚቀር ግን ይወቅ። ቴሌግራም በኮምፒውተሩ ላይ ያከማቸው ካሽም ሊጸዳ ይችላል፤ መልእክቱ በቻናሉ ወይም በግሩፑ ላይ እስካለ ድረስ ዋናው በሰርቨሩ ላይ ይቆያል።

ሁለተኛው ምንጭ ዳግም ሊወርድ ወይም ሊቀዳ የሚችለው ነው፤ የሶፍትዌር መጫኛዎች፣ ፊልሞችና ከጓደኛ የተቀዱ መማሪያዎች። እዚህ ላይ የአገሩ ሁኔታ መዘንጋት የለበትም። የኢንተርኔት ፓኬጅ በገንዘብ በሚገዛበትና መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ ዳግም ማውረድ ዋጋ አለው። የሚከፈለው ዋጋ ግን ገንዘብና ጊዜ ብቻ ነው፤ ለፈረሰ ቤት ፎቶግራፍ የሚከፈል ዋጋ የለም። ኦቶካድና ስኬችአፕ በየማስቀመጡ የሚያኖሯቸው መጠባበቂያዎች፣ ሬቪትም ቁጥር እየሰጠ የሚደረድራቸው ቅጂዎች የመጨረሻው ሥራ ተከፍቶ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰረዙ ናቸው።

የመስክ መረጃው ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ እሱም ይዛወራል እንጂ አይሰረዝም። ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተቀድቶ፣ ቅጂዎቹም ተከፍተው ሳይታዩ ከላፕቶፑ ሊነሣ አይገባም። ውጫዊ ዲስክ ለመግዛት የብዙ ተማሪ አቅም አይፈቅድም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም እውነትነት አለው። ብዙዎች በምትኩ ፎቶግራፉን ወደ ቴሌግራም ይልካሉ። በፎቶ መልክ ሲላክ ግን ምስሉ ይጨመቃል፤ የተነሣበት ቀንና ቦታ የተመዘገበበት መረጃም ይጠፋል። በፋይል መልክ ከተላከ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። ለጥናት የሚውል ፎቶግራፍ ቀኑና ቦታው ካልታወቀ የማስረጃነት ዋጋው ስለሚያንስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ ሸክሙ በተማሪው ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። የመስክ ሥራ የሚሠራው በቡድን ስለሆነ እያንዳንዱ አባል ሌላው ዘንድ አለ ብሎ ይሰርዛል፤ በመጨረሻም ማንም ዘንድ አይገኝም። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጠው የተጠናቀቀው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ በውስጡ የሚገቡትም ከተነሡት ፎቶግራፎች ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ጥሬ የመስክ መረጃውንም ቀንና ሥፍራው ከተጻፈበት ዝርዝር ጋር ቢረከቡ ተገቢ ነው። ወጪው የሚያስፈራ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ 5 ሜጋባይት ቢሆን አንድ ቴራባይት ዲስክ 200,000 ያህል ይይዛል። የነዋሪዎች ቃለ መጠይቅ የግል ሕይወትን ስለሚነካ ሰጪዎቹ በፈቀዱት ልክ ብቻ ተጠብቆ ሊከፈት ይገባል።

ይህ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ ማስጠንቀቂያውን ያየ ተማሪ አንድ ጥያቄ ቢያስቀድም ይበቃዋል፤ ይህ ነገር ነገ ዳግም ይገኛልን? ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል፤ ፊልሙም ከጓደኛ ይቀዳል። የፈረሰ ግቢ ግን ዳግም አይለካም።