ጭሱ የማን ነው?

በላስታ መንገደኛ ሲመሽበት ከደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። መልሱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ነው። በገና ሰሞን ላሊበላ ይህን ቃል ትፈጽመዋለች፤ በእግሩ የመጣውን ተሳላሚ እግሩን አጥባ፣ አብልታ ታሳድረዋለች። ዓመቱን ሙሉ አብሯት ለሚኖረው ተከራይ ሲሆን ግን ያ ቃል ይቀርና «ካልተስማማህ ውጣ!» ይመጣል። እንግዳ በክብር፣ ነዋሪ በሥጋት! ይኼ ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ጭሰኛ ማለት በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ የሚያጨስ ማለት ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ለእርሱ ነው። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠሩን ጭሰኝነት ሻረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ቀነሰ፤ ድኃው ተነፈሰ። ግን ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የቀበሌ ቤቶችም ጣራቸው እያፈሰሰ አረጁ። ስለዚህ «እንደገና ይወረስ» የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

አከራይ ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዲት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ለእርሷም ተወዷል። ጠላታችን የቃል ውል ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ በ2015 መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን እንደገና አስቀረ። አስጎብኚው፣ ቡና የምታፈላዋ፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዋ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኪራይ ግን ኮሮናም ጦርነትም አያውቅም፤ ወር ሲሞላ ደጅ ያንኳኳል። ያን ጊዜ ወረቀት የሌለው ተከራይ በምን አፉ ይከራከር?

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መልስ አለው። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚወስነው ልክ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች ግን የሚሠራበትን ከተማ የሚመርጠው ክልሉ ነው። ምርጫው ትልልቆቹን ብቻ እያየ እንደ ላሊበላ ያሉትን እንዳያልፍ መጮህ የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው። ወይስ የትልቅ ከተማ ተከራይ ብቻ ነው ሰው?

አዋጅ እስኪደርስም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። አከራይና ተከራይ ሽማግሌ አስቀምጠው አንዲት ወረቀት ይጻፉ፤ ኪራዩ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እንዴት እንደሚቻቻሉ። ዓለት ፈልፍሎ 11 አብያተ ክርስቲያናት ያቆመ አገር አንዲት ገጽ ውል መጻፍ ያቅተዋል እንዴ?

የትናንቱ ጥያቄ መሬት ላራሹ ነበር። የዛሬው፦ ውል ለተከራዩ!