ዕዳውን ሳይከፍል የሚቆም መኪና

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ በ2016 ሲናገሩ፣ የሁላችንም ጥያቄ «ቻርጅ የት ይደረጋል?» ነበር። እኔ ግን ጎንደር አቅራቢያ ካለችው ማክሰኝት ከተማ ሆኜ ሳስበው «የኤሌክትሪክ መኪናው ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» የሚለው ይብሳል እላለሁ።

ለምን ቢባል፣ የባትሪ ምርት ብዙ ኃይል ይበላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚኑ የከበደ የካርቦን ዕዳ አለበት። ዕዳውን የሚከፍለው እየሠራ ነው፤ መብራቱ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ቀስ ብሎ፣ ከውኃ በሚመነጭበት ደግሞ ቶሎ። በዚህ በኩል ታድለናል። የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ከእኛው ሐይቅ ውኃ የሚገኝ ነው፤ የሕዳሴው ግድብ አቅምም 5,150 ሜጋ ዋት ደርሷል።

ዕዳው የሚከፈለው ግን መኪናው ዕድሜ ካገኘ ነው። ማክሰኝት ላይ መኪና ማለት ጎንደር የሚያደርሰን አባዱላ፣ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ፣ ቀበሌ ለቀበሌ የሚሯሯጠው ባጃጅ ነው። እነዚህ አርጅተውም አይጣሉም፤ መካኒኩ ሞተር አውርዶ፣ ከወደቀ መኪና ዕቃ ፈትቶ ነፍስ ይዘራባቸዋል። አዲሱ መኪና ባትሪው የታሸገ፣ ብልሽቱም በኮምፒውተር የሚነበብ ነው። መመርመሪያውም መለዋወጫውም አዲስ አበባ ከቀረ፣ በትንሽ ብልሽት ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ባትሪውም ሜዳ ከተጣለ ክረምቱ መርዙን አጥቦ ወደ ጣና ይወስድብናል።

ማራቶን ሞተር በ2012 ኤሌክትሪክ ሃዩንዳይ አገር ውስጥ ገጣጥሞ ማሳየቱ የሚያኮራ ጅምር ነው። መንግሥትም ተበታትነው ገብተው እዚህ ለሚገጣጠሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የቀረጥና የታክስ እፎይታ ሰጥቷል። እፎይታው ግን ግዴታ ይከተለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ባትሪን ለገበያ ያቀረበ ኩባንያ ያገለገለውንም እንዲሰበስብ አዟል። እኛም ገጣጣሚውንና አስመጪውን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መለዋወጫ በየክልሉ ያስቀምጥ፣ የወረዳ መካኒኮችን ያሠልጥን፣ የደከመ ባትሪ ይረከብ። ለመኪና የደከመ ባትሪ የፀሐይ ኃይል አጠራቅሞ ለጤና ኬላ መብራት ሊሆን ይችላልና ተረካቢውም አይከስርም።

አምራቾች ስለ አረንጓዴ ፋብሪካቸው ቢነግሩን ደስ ይለናል። ሒሳቡ የሚዘጋው ግን መኪናው ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ፣ እንደ ማክሰኝት ባለ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ የማይመጣ አምራች የቀረጥ እፎይታ አይገባውም።