ድካምን ስለ ማድመጥ

የማራቶን ሩጫ ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ይህን መንገድ የሚሮጥ ሰው ኀይሉን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ቢያፈስ፥ እግሩ ፈጣን ልቡም ብርቱ ቢሆን እንኳ ከመንገድ ይቀራል። የዕለት ሥራና የቤተ ሰብ ኑሮም ረጅም መንገድ ነውና፥ ሯጮች ኀይላቸውን እንዴት እንደሚይዙ መመርመር ለአባወራውም፥ ለእመቤቲቱም፥ ለተማሪውም ይጠቅማል።

የስፖርተኞችን ሐሳብና ጠባይ የሚመረምረው ትምህርት የስፖርት ሥነ ልቡና ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ሞርጋንና ፖሎክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፥ ሯጮች በሚሮጡበት ሰዓት ምን እንደሚያስቡ ጠይቀው ያገኙትን ጽፈዋል። ከተራዎቹ ሯጮች ብዙዎቹ ድካሙን ለመርሳት ሲሉ ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ነገር ይመልሱ ነበር። ታላላቆቹ ሯጮች ግን እስትንፋሳቸውንና የእግራቸውን ስሜት እየተከታተሉ፥ ፍጥነታቸውን በዚያው ልክ ያስተካክሉ ነበር።

ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙ ሰው ጽናት ማለት ድካምን አለመስማት ይመስለዋልና። በጥቂቱ ነገር መቈጣት፥ እንቅልፍ ማጣት፥ የታወቀውን ሥራ መርሳት፥ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረውን መሰልቸት፥ እነዚህ ሁሉ ኀይል እያለቀ መሆኑን የሚናገሩ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በጊዜ ለሰማቸው ሰው ጥቂት ዕረፍት ይበቃዋል፤ ችላ ላላቸው ግን ዕዳው ለሚስቱና ለልጆቹ ይተርፋል።

ደግሞም አሠልጣኞች ከብርቱ ልምምድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ልምምድ ወይም ዕረፍት ያዝዛሉ። ሰውነት በልምምድ የደከመውን በዕረፍት ጊዜ ጠግኖ ይጠነክራልና፥ ዕረፍቱ ራሱ የሥራው ክፍል ነው። ሯጩም ሩቅ ያለውን ሽልማት እያሰበ ከሚጨነቅ ይልቅ የሚቀጥለውን ኪሎ ሜትር በደንብ እንዲሮጥ ይመከራል። የሥራ ክምር የሚያስፈራው ሰውም ዛሬ የሚፈጸመውን ለይቶ ቢይዝ ይቀልለዋል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ አሸንፎ፥ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር፥ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። በዚያው ውድድር ማሞ ወልዴ ቀድሞ ገብቶ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስገኘ። አበበ በማቋረጡ ክብሩን ያጐደለበት ሰው የለም።

በቤታችንም እንዲሁ ይሁን። «ዛሬ ደክሞኛል» የሚለው አባት ወይም እናት እንደ ሰነፍ አይቈጠር፤ ከቤተ ሰቡ አንዱ ተነሥቶ ሥራውን ይቀበለው። በሳምንት አንድ ምሽት ባልና ሚስት ተቀምጠው፥ «በዚህ ሳምንት የከበደህ ምንድን ነው? የከበደሽስ?» ብለው ይጠያየቁ፤ ልጆቹንም ይጠይቁ። መንገዱ ገና ረጅም ነውና፥ አብረን የምንደርሰው እንዲህ ስንደማመጥ ነው።