ዳገቱ ሞልቷል፤ የጠፋው ጸጥታው ነው

ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም ቅዳሜ ምሽት የአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ነበር። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ 1 ለ 1 ተለያይተው፣ እንግሊዝ ለወትሮው በምትፈራው መለያ ምት 5 ለ 3 ያሸነፈችበት ምሽት ነው። ያን ጨዋታ ያየ ሁሉ የቡካዮ ሳካን ጎል ያስታውሳል። በዚያው ቀን፣ ኳሱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ከጎረቤት አገር የሄደ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ፈረንሳይ ውስጥ ምን እንደሠራ ያየ ግን ስንት ሰው ነው?

ወጣቱ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ነው። የቱር ደ ፍራንስን 8ኛ ቀን ውድድር ቤልጂየማዊውን ያስፐር ፊሊፕሰንን ቀድሞ በድል አጠናቀቀ። ከዚያ በፊት 3ኛውን ቀን አሸንፎ በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ባለድል ሆኗል። በኋላም 12ኛውን ቀን ደገመና አረንጓዴውን ማሊያ ለብሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በኳስ ቋንቋ ሲነገር፣ በቻምፒዮንስ ሊግ ሦስት ጎል አግብቶ የኮከብ አግቢነቱን ጫማ እንደመውሰድ ነው።

ቢንያም ያን ቀን ያሸነፈባት መንደር ኮሎምቤ ሌ ዶ ዜግሊዝ ትባላለች። እ.ኤ.አ በ1966 አዲስ አበባን የጎበኙት ጄኔራል ደ ጎል የኖሩባትና የተቀበሩባት ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ዙሪያዋ የስንዴ ማሳና ጫካ ነው። መንገዱ ጠባብ አስፋልት ሆኖ ወጣ ገባ ይላል፤ ትንሽ ዳገት፣ ትንሽ ቁልቁለት፣ ከዚያ አንዲት መንደር፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት። ቱር ደ ፍራንስ እንዲህ ባለው መንገድ የሚያልፈው በዓመት አንዴ ነው። በቀሩት ቀናት ግን የሰፈሩ ልጅ፣ ጡረታ የወጣው መምህርና ዳቦ ጋጋሪው በብስክሌት ይንሸራሸሩበታል። መኪና አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው።

ይህ እንዴት ሆነ? ፈረንሳይ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት። ከዚህ ውስጥ የተሽከርካሪ ብቻ የሆነው ፈጣን አውራ ጎዳና 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሚበዛው የየአውራጃውና የየመንደሩ መንገድ ነው። ከባድ መኪናውና የሚቸኩለው ሰው በፈጣኑ ጎዳና ይነጉዳል፤ የገጠሩ አስፋልት ለገበሬው ትራክተርና ለብስክሌተኛው ይቀራል። ጸጥ ያለው መንገድ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አማራጭ መንገድ ስላለ የተገኘ ነው።

ለእግር ኳስ ወዳጅ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ጸጥ ያለ መንገድ ለብስክሌት የሰፈር ሜዳ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሰፈር ሜዳዎች አንድ በአንድ በሕንፃ ሲዋጡ ምን እንደጠፋ ደጋፊው በደንብ ያውቃል። ልጅ አካዳሚ የሚገባው መጀመሪያ በሰፈሩ አቧራ ላይ ከተጫወተ በኋላ ነው። ብስክሌተኛም እንደዚሁ ነው። አይሱዙ ከኋላው እየተቆጣ፣ ሚኒባስ ከጎኑ እየታከከው ዳገት መውጣት የሚለማመድ ልጅ የለም። ካለም እናቱ አትፈቅድለትም።

ታዲያ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሜዳ የት አለ? ለብስክሌት የተፈጠረ የሚመስለው አንዱ አገር ደቡብ ጎንደር ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ጣናን ወደ ግራ እየተወ የሚሄድ ሰው የፎገራን የሩዝ ማሳ አልፎ ወረታ ይደርሳል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ይጀምራል። መንገዱ በአለም ሳጋ ደን እየተጠማዘዘ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር ላይ ይደርሳል፤ 2,700 ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቱር ደ ፍራንስ ስንቱን ጀግና ያስለቀሰው የጋሊቢዬ ማለፊያ ከፍታው 2,642 ሜትር ነው። የዓለም ምርጥ ጋላቢዎች አፋቸውን ከፍተው አየር የሚለምኑበት ጫፍ፣ የደብረ ታቦር ሰው ባጃጅ ጠርቶ ገበያ ከሚሄድበት ቦታ ዝቅ ይላል ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ አያበቃም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጉናን ተራራ ጥግ ጥጉን ይዞ ወደ ጋይንት ይዘልቃል፤ ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ትቀበለዋለች። ስሟ ራሱ ለብስክሌተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ጨጨሆ ይከተላል። ከዋናው መስመር ወጣ ካሉ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ የሚወስዱት መንገዶች አሉ። መልክዓ ምድሩ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ደጋ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ይደርሳል። ፒስታ የሆነውም ቢሆን አይናቅም፤ ከ2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ በጠጠር መንገድ ላይ የሚካሄድ የዓለም ሻምፒዮና አለ።

ዳገቱ አለ፤ ከፍታው አለ፤ እግሩም አለ። የእግሩ መኖር ደግሞ ግምት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሜልቦርን ላይ ስትቀርብ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2016፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ላምፕሬ በተባለው ቡድኑ ውስጥ ሥራው የማኬሌሌ ሥራ ነበር፤ ለዋናው ተፋላሚ ንፋስ መከላከል፣ ውሃ ማቀበል፣ ጉልበት መስጠት። ያን ዓመት የቡድኑ ደቡብ አፍሪካዊ ሉዊስ ሜንትየስ በአጠቃላይ 8ኛ ወጣ። የማኬሌሌን ዋጋ የሚያውቅ ደጋፊ የጽጋቡንም አይስተውም።

ከጽጋቡ ወዲህ የሆነው ግን ልብ ይሰብራል። የአገሪቱ ብስክሌተኞች አብዛኞቹ የሚወጡበት ትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2020) በጀመረው ጦርነት ተመታ። ከዚያው የወጣችው እየሩ ገብሩ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ላይ የታየችው ለኢትዮጵያ ሳይሆን ለስደተኞች ቡድን ተሰልፋ ነው። መኖሪያዋም ፈረንሳይ ሆኗል። ጸጥ ያለውን መንገድ አገሯ ስላጣችው ሌላ አገር አገኘችው።

ጋይንትም ከዚህ አላመለጠም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥቷል። ያ ካለፈ በኋላም ከ2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2023) ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ተሳፋሪ ከቤቱ ሲወጣ የሚጠይቀው ስለ ትኬቱ ዋጋ ሳይሆን መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው፦ ጸጥታ። በኮሎምቤ መንገዱ ጸጥ የሚለው መኪናው በሌላ ጎዳና ስለሄደ ነው። በጋይንት መንገድ ጸጥ ሲል ግን ሰው ይደነግጣል። ያ ጸጥታ የጸጥታ ማጣት ነው።

እንግዲህ «መጀመሪያ ሰላም ይምጣ፣ ብስክሌት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ የሚበላውን ያጣ ሰው ስለ ማሊያ ቀለም አያወራም። ግማሹን ግን ሩዋንዳ ትመልሰዋለች። በ1994 እ.ኤ.አ ያን ሁሉ እልቂት ያየች አገር ከ15 ዓመት በኋላ የዙር ውድድሯን በዓለም አቀፉ ማኅበር የቀን መቁጠሪያ አስገባች። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ ደግሞ አፍሪካ የመጀመሪያዋን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ አየች። ታዴይ ፖጋቻር ባሸነፈበት በዚያ ዳገታም ውድድር ከጀመሩት አብዛኞቹ አልጨረሱም። ሩዋንዳ ኮረብታዋን አዲስ አልፈጠረችውም። ሰው ያለ ስጋት የሚወጣበት መንገድ፣ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣ ውድድርና በየመንደሩ ወጥቶ የሚያጨበጭብ ሕዝብ ነው ያከለችበት።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የዓለም ብስክሌተኛ የሚወጣው ከ40 ኪሎ ሜትር ዳገት እንጂ ከአደባባይ እስከ አደባባይ ከተቀባ መስመር አይደለም። ቱር ደ ፍራንስን በ1903 እ.ኤ.አ የጀመረው አንድ ጋዜጣ ነበር፤ አንባቢ ለመሳብ ብሎ። ውድድር ለመጀመር ትልቅ ካዝና ብቻ ሳይሆን ሊያልፉበት የሚቻል አገርም ያስፈልጋል።

በዚያው በጋይንት ቤተ ልሔም የሚባል ደብር አለ። የድጓ ተማሪ የትም ተምሮ ቢመጣ ምስክሩን የሚያገኘው እዚያ ነው። ኩፋዳውን አንግቦ፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ፈጭቶ ይደርስና ከመምህሩ ፊት ችሎታውን ያስመሰክራል። አገሩ ሰውን በረዥም መንገድ መፈተኑን ድሮም ያውቅበታል። የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጅም በብስክሌቱ ያንኑ ዳገት ወጥቶ የሚያስመሰክርበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ለዚያ ቀን ዳገቱ ዝግጁ ነው፤ የሚጠበቀው ማለዳ የወጣው ልጅ ማታ ቤቱ እንደሚመለስ እናቱ እርግጠኛ የምትሆንበት መንገድ ነው።