ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ መሰላሉን ያሳየው የለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የምንሰማው ዘፈን አንድ ነው፦ «ትውልዱ ሰነፈ፤ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል።» 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና አራት በላይ የሚሆነውን ሰነፍ ብሎ መገላገል ቀላል ነው። እኔ ግን ዛሬ በአንዲት ቀመር ልሞግታችሁ ነው።

ቀመሯ የ9ኛ ክፍል ናት። ሁለት ማዕዘኖች ተደምረው 90 ዲግሪ ከሆኑ የአንደኛው ሳይን የሌላኛው ኮሳይን ነው። የ30 ሳይን የ60 ኮሳይን ነው፤ የ20 ሳይን የ70 ኮሳይን ነው።

አሬሮ ወይም ነገሌ ቦረና ሂዱና አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጠይቁ። ቀመሯን በእንግሊዝኛ ሳይሳሳት ይወጣላችሁ ይሆናል። «ለምን እኩል ሆኑ?» ስትሉት ግን ዝም ካለ አትፍረዱበት። ይህ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ሳይንና ኮሳይንም የመጡበት በዚያው ዓመት ነው። አዲስ ቋንቋና አዲስ ሐሳብ አንድ ላይ ተጫነበት። ታዲያ ምን ያድርግ? ሸመደደ።

«እንግዲያውስ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ይማር» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልስማማም። ነገሩ የገባው ልጅ ስሙን በኋላ በፈለጋችሁት ቋንቋ ይይዘዋል። ስሙን ብቻ የያዘ ልጅ ግን በየትኛውም ቋንቋ አልገባውም።

እስቲ መሰላል አምጡ። አራት ሜትር የሚረዝም መሰላል ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ እግሩ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ይራቅ። መሰላሉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን 60 ዲግሪ፣ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው 30 ዲግሪ ነው። ታች ያለው ሰው ያንን ሁለት ሜትር «ከማዕዘኔ ጎን ያለው» ይለዋል፤ ለአራት ሲያካፍለው 0.5 ያገኛል፤ ይህ የ60 ኮሳይን ነው። ላይ የወጣው ሰው ያንኑ ሁለት ሜትር «ከማዕዘኔ ፊት ለፊት ያለው» ይለዋል፤ ለአራት ሲያካፍለው ያው 0.5 ነው፤ ይህ የ30 ሳይን ነው። መሰላሉ አንድ፣ ሁለት ሜትሩም ያው። የተለወጠው የሰውየው መቆሚያ ብቻ ነው።

በቃ፣ ቀመሯ ይህችው ናት። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ጉንተር በ1620 እ.ኤ.አ. «ኮሳይን»ን ሲያሳጥር «ኮ» ያላት «የሚያሟላው ማዕዘን ሳይን» ለማለት ነው። ይህን ለልጁ የነገረው ማን ነው?

የገባው ልጅ «የ20 ሳይን ካሬ ሲደመር የ70 ሳይን ካሬ ስንት ነው?» ሲባል ካልኩሌተር አይፈልግም። የ70 ሳይን የ20 ኮሳይን መሆኑን ያያል፤ የአንድ ማዕዘን ሳይን ካሬና ኮሳይን ካሬ ድምር 1 ነው፤ አለቀ። የሸመደደው ልጅ ግን ጥያቄው ልብሱን ቀይሮ ሲመጣ አያውቀውም።

ደግሞ «የቆላ ልጅና ሒሳብ ምን አገናኛቸው» እንዳትሉኝ። የቦረና አያንቱዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እያዩ ቀን የሚቆጥሩ ናቸው፤ አስመሮም ለገሰ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ገዳ» መጽሐፋቸው ለዓለም አሳውቀውታል። ሰማይን የሚያነብ ሕዝብ ልጅ ሦስት ማዕዘን አቃተው ከተባለ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ሲያልቅ ይኸው ልጅ ተማሪ ነበር። ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ኩረጃን ለመከላከል ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠቱን ደግፌያለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ነገር ግን ኩረጃን ከፈተና አዳራሽ ስናስወጣ ሽምደዳን ክፍል ውስጥ ትተነዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ሒሳብ በሁለት ቋንቋ ይሰጥ፤ መምህሩ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ቢያስረዳ እንደ ጥፋት አይቆጠርበት። መምህር የሚመዘነውም መጽሐፉን በመጨረሱ ሳይሆን «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በሚሰጡ ተማሪዎቹ ይሁን።

ያ 3.2 በመቶም እንደ መሰላሉ ሁለት ሜትር ነው። ላይ የተቀመጡት «ተማሪው ወደቀ» ይሉታል። እኛ ታች ያለነው «ትምህርቱ ወደቀ» እንለዋለን። ቁጥሩ ያው አንድ ቁጥር ነው። እስካሁን ከላይ ብቻ ሲነበብ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወርደው ከታች ይዩት።

መምህራን ወገኖቼ፣ ነገ ጠዋት መሰላል ይዛችሁ ክፍል ግቡ። አልስማማም የምትሉ ኮሜንት ላይ አለሁ።