ጥናቱ ሞጣም ይድረስ

ሞጣ ስምንተኛ ክፍል እያለን አንዷ ጓደኛችን ከጥር በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ ተድራ ነበር። ሕጉ ግን ያኔም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ክልክል ነው ይል ነበር።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ‹ያንግ ላይቭስ› ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የአማራ ክልልን ጨምሮ 3,000 ገደማ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ተከታትሏል። ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ቶሎ ትዳራለች፤ የሚያስቋርጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ድህነት፣ የወላጅ ሕመም ወይም ሞት ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ወጪውን አሰላለሁ። ሠርግ ለማስቆም ከመሯሯጥ የቀረችን ተማሪ ቤቷ ድረስ ሄዶ ‹ምን ጎደለ?› ማለት ይረክሳል።

ግን እንዲህ ያለው ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ገጽ አማርኛ ለየወረዳው ይላኩ፤ ቴሌግራም ላይም ይልቀቁት። እኛ ለወላጆቻችን እናነብላቸዋለን። ብቻ ጥር ሳይገባ ይሁን።